ከመኪና የኋላ ፍሬን የሚሰማ ያልተለመደ ድምፅ፦ መለየት፣ መፈተሽና መወሰን

መግቢያ

ብዙ ሞዴል አርሶ አደሮች ዛሬ ምርታቸውን ወደ ገበያ የሚያደርሱት በራሳቸው፣ በማኅበር በያዙት ወይም በተከራዩት ፒክአፕና አነስተኛ የጭነት መኪና ነው። መኪናው የምርት ማጓጓዣ መሣሪያ እንደመሆኑ መጠን እንደ ውሃ ፓምፕዎና እንደ መውቂያ ማሽንዎ ክትትል ይፈልጋል። ከሁለቱ የሚለይበት ነገር ግን አለ። ፓምፕ ቢበላሽ ውሃ ይቋረጣል፤ መውቂያ ቢበላሽ ሥራ ይዘገያል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ቢበላሽ ግን የሰው ሕይወት ይጠፋል።

ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ ሳያስጠነቅቅ አይከዳም። አስቀድሞ ድምፅ ያሰማል፣ ይግላል፣ ይሸታል፣ ፔዳሉ ከወትሮው ይለወጣል። ችግሩ እነዚህ ምልክቶች ብዙ ጊዜ የሚታዩት ጭነት በሚበዛበት ሳምንት መሆኑ ነው። ምርቱ ተለቅሟል፣ ነጋዴው እየጠበቀ ነው፣ ዋጋው ጥሩ ነው፣ መኪናው ደግሞ ከኋላ ይጮኻል። «ዛሬን ላድርስና ከዚያ አሠራዋለሁ» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው በዚህ ሰዓት ነው። ይህ የሥልጠና ጽሑፍ የተዘጋጀው በዚያች ሰዓት ትክክለኛውን ውሳኔ እንዲወስኑ ለመርዳት ነው።

የጽሑፉ ዓላማ እርስዎን መካኒክ ማድረግ አይደለም። ይህን ክፍል ሲጨርሱ፦

- የኋላ ፍሬን እንዴት እንደሚሠራና ለምን ድምፅ እንደሚያሰማ ያውቃሉ፤
- ድምፁ የሚሰማበትን ጊዜ በመከታተል ምንጩን ይለያሉ፤
- ያለ ልዩ መሣሪያ ሊደረግ የሚችለውን ፍተሻ በጥንቃቄ ያከናውናሉ፤
- መኪናው መጫን የሚችልበትንና የማይችልበትን ሁኔታ ይወስናሉ።

1. የኋላ ፍሬን እንዴት ይሠራል?

አብዛኞቹ ፒክአፖች ከፊት ዲስክ ፍሬን፣ ከኋላ ደግሞ ታምቡር ያለው ፍሬን አላቸው። ብዙ አነስተኛ የጭነት መኪናዎች በአራቱም በኩል ታምቡር ነው ያላቸው። ታምቡሩ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር፣ እንደ ድስት ጎድጓዳ የሆነ ብረት ነው። በውስጡ ሁለት ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ብረቶች ይገኛሉ፤ በላያቸው ላይ የፍሬን ሸራ ተለጥፏል ወይም በብሎን መሰል ሚስማር ተመትቷል። ፔዳሉን ሲረግጡ የፍሬን ዘይት በቱቦ ሄዶ በጎማው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ፓምፕ ይገፋል፤ ፓምፗ ሸራዎቹን ከታምቡሩ የውስጥ ግድግዳ ጋር ታጣብቃለች። ፔዳሉን ሲለቁ ሞላዎች ሸራዎቹን ወደ ቦታቸው ይመልሳሉ። በፒክአፕ ላይ የእጅ ፍሬኑም እነዚህኑ የኋላ ሸራዎች በሽቦ ገመድ ይስባል።

ከዚህ አሠራር ሁለት ነገሮችን ልብ ይበሉ።

አንደኛ፣ ታምቡር የተዘጋ ነው። የፊት ዲስክ በጎማው ቀዳዳ በኩል ሊታይ ይችላል፤ የኋላው ሸራ ግን ታምቡሩ ካልተከፈተ አይታይም። ስለዚህ ሸራው ማለቁን ዓይንዎ ሳያየው ጆሮዎ ቀድሞ ይሰማዋል። የተዘጋ በመሆኑም ሸራው ሲፋቅ የሚወጣው ብናኝ፣ ከወንዝ የገባ ጭቃና አሸዋ በውስጡ ተጠራቅሞ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ፍሬን የመኪናውን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጣል። የሙቀቱን መጠን ለመገመት ይህን ስሌት ይመልከቱ። ከጎሐ ጽዮንም ሆነ ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው መንገድ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ከጭነቱ ጋር 5 ሺህ ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1 ሺህ ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሙሉ በሙሉ ሙቀት ቢሆን፣ 20 ዲግሪ የነበረ ከ140 ሊትር በላይ ውሃ 100 ዲግሪ ያደርሳል። ይህ ባለ 20 ሊትር 7 ጀሪካን ማለት ነው። ሞተሩ በከባድ ማርሽ ካልያዘው ይህን ሁሉ ሙቀት የሚሸከሙት ጥቂት ብረቶችና ሸራዎች ናቸው። ባዶ ሆኖ በሜዳ ሲሄድ «ትንሽ የሚጮህ» ፍሬን፣ ተጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ ሌላ ፍሬን ይሆናል የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

2. ቀዳሚው ጥያቄ፦ ድምፁ መቼ ይሰማል?

አንድ አርሶ አደር በሬው ሲያነክስ አይቶ ወዲያውኑ መድኃኒት አይገዛም። መቼ እንደጀመረው፣ በየትኛው እግሩ እንደሆነ፣ ሲራመድ ነው ወይስ ሲነሳ የሚለውን አስቀድሞ ያያል። የመኪና ድምፅም እንዲሁ ነው። «ምን ተበላሸ?» ከማለትዎ በፊት «መቼ ይሰማል?» ብለው ይጠይቁ። የሚከተሉትን ጥያቄዎች መልስ በማስታወሻ ደብተርዎ ይጻፉ።

- ፔዳሉን ሲረግጡ ነው የሚሰማው ወይስ ሳይረግጡም? ሲረግጡ ብቻ ከሆነ ምንጩ ፍሬኑ ወይም ከፍሬኑ ጋር የተያያዘ አካል የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ሳይረግጡ ተሰምቶ ሲረግጡ የሚጠፋ ወይም የሚቀንስ ከሆነ በታምቡሩ ውስጥ የላላ ነገር ሊኖር ይችላል። ረገጡም አልረገጡም የማይለወጥ ከሆነ ኩሽኔታን፣ ጎማንና ዲፈረንሻልን ይጠርጥሩ።
- ጠዋት በመጀመሪያው ጉዞ ብቻ ነው ወይስ ቀኑን ሙሉ?
- ባዶ ሲሆን ነው፣ ሲጫን ነው ወይስ በሁለቱም?
- ከጎማው ዙረት ጋር እየተመላለሰ ነው (ሽ… ሽ… ሽ…) ወይስ የማይቋረጥ?
- ወደፊት ሲሄድ ነው ወይስ ወደኋላ ሲመለስ?
- ከመጀመሩ በፊት ምን ተደርጎ ነበር? ወንዝ ተሻግሯል? ጎማ ተቀይሯል? አዲስ ሸራ ገብቷል? ለብዙ ቀን ቆሟል?

የመጨረሻውን ጥያቄ አይናቁት። ጎማ ከተቀየረ በኋላ የጀመረ «ቋ ቋ» የሚል ድምፅ የፍሬን ሳይሆን ያልጠበቁ የጎማ ዳዶዎች ድምፅ ሊሆን ይችላል። ይህ ደግሞ ጎማው እንዲወጣ የሚያደርግ አደጋ ስለሆነ ወዲያውኑ ቆመው ዳዶዎቹን ይፈትሹ።

3. የድምፅ ዓይነቶችና ትርጉማቸው

ሀ. ቀጭን ጩኸት (ሲጢጥ የሚል)

ፔዳሉ ቀስ ተብሎ ሲረገጥ የሚሰማ ቀጭን ድምፅ ነው። ጠዋት ላይ ወይም ከዝናብ በኋላ ተሰምቶ ከጥቂት ማቆም በኋላ ከጠፋ፣ በታምቡሩ ግድግዳ ላይ ያደረ እርጥበትና ስስ ዝገት ነው፤ አያሳስብም። ቀኑን ሙሉ ከቀጠለ ግን ሦስት ምክንያቶች ይጠረጠራሉ፤ በታምቡሩ ውስጥ ብናኝ ተጠራቅሟል፣ ሸራው በሙቀት ብዛት ገጹ እንደ መስታወት አብለጭልጯል፣ ወይም ሸራው የሚንሸራተትባቸው የብረት ነጥቦች ደርቀዋል። ገጹ ያብለጨለጨ ሸራ ሲረገጥ ይጮኻል እንጂ አጥብቆ አይይዝም። ፔዳሉን ከወትሮው በኃይል መርገጥ ካስፈለገዎት ምልክቱ ይህ ነው። በተቻለ ፍጥነት ታምቡሩ ይከፈት፣ ይጽዳ፣ ሸራው ይታይ።

ለ. የብረት መፋጨት

ብረት በብረት ላይ ሲፈጭ የሚሰማ ሻካራ ድምፅ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ በእግርዎም ይሰማዎታል። ዋናው ምክንያት ሸራው አልቆ የያዘው ብረት ወይም ሚስማሩ ታምቡሩን መፋቅ መጀመሩ ነው። ጠጠር ወይም አሸዋ በታምቡሩ ውስጥ ገብቶ ተመሳሳይ ድምፅ ሊያሰማ ይችላል፤ በተለይ ወንዝ ወይም ረግረግ ከተሻገሩ በኋላ የጀመረ ከሆነ። ሁለቱን ከውጭ ሆኖ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። ስለዚህ የብረት መፋጨት ሁሉ እስኪከፈት ድረስ «ሸራ አልቋል» ተብሎ ይወሰዳል። በዚህ ሁኔታ የሚደረግ እያንዳንዱ ጉዞ ታምቡሩንም ስለሚበላ በሸራ ዋጋ የሚያልቀው ጥገና ታምቡር ወደ መግዛት ያድጋል።

ሐ. አንድ ጊዜ «ቋ» የሚል ድምፅ

ወደኋላ ከሄዱ በኋላ ወደፊት ሄደው መጀመሪያ ሲረግጡ አንዲት ቀላል «ቋ» መሰማቷ በታምቡር ፍሬን ላይ ይከሰታል፤ ሸራዎቹ ቦታቸውን ሲይዙ ነው። በረገጡ ቁጥር ጎልቶ የሚሰማ ከሆነ ግን የተሰበረ ሞላ፣ ፍሬኑ የታሰረበት የጀርባ ሳህን መላላት፣ ወይም ባሌስትራውን ከኋላው አክስል ጋር የሚያስሩት ባለ ሁለት እግር ብሎኖች መላላት ሊሆን ይችላል። ባሌስትራው ከላላ አክስሉ ራሱ በፍሬን ሰዓት ይንቀሳቀሳል። ይህን ድምፅ እንደ ቀላል አይዩት።

መ. ከጎማው ጋር እየዞረ የሚመላለስ ድምፅ

ፔዳሉ ሲረገጥ «ሽ… ሽ… ሽ…» እያለ ከፍጥነቱ ጋር የሚፈጥንና የሚዘገይ ከሆነ፣ ፔዳሉም ከእግርዎ ሥር ከፍ ዝቅ ካለ፣ ታምቡሩ ክብነቱን አጥቷል። ሳይረገጥም የሚሰማ ከሆነ በድንጋይ ተመትቶ የተጣመመ የጀርባ ሳህን ታምቡሩን እየነካ ሊሆን ይችላል። መንታ የኋላ ጎማ ያላቸው መኪናዎች ላይ በሁለቱ ጎማዎች መካከል የተሰነቀረ ድንጋይም በየዙሩ ይመታል፤ ይህ ጎማ ስለሚያፈነዳ ከመንቀሳቀስዎ በፊት ይውጣ።

ሠ. ፔዳሉ ሳይረገጥ የሚቀጥል መፋተግ፣ ከሽታና ከሙቀት ጋር

መኪናው እንደተያዘ ሆኖ ይከብዳል፣ ፔዳል ሳይነኩ ከኋላ የመፋተግ ድምፅ ይሰማል፣ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል። የእጅ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ አልተለቀቀም፣ ገመዱ ዝጎ አልመለስ ብሏል፣ መላሽ ሞላው ደክሟል፣ ወይም ትንሿ ፓምፕ ተጣብቃለች ማለት ነው። ፍሬኑ ሳይለቅ ከቀጠሉ ሸራው ይቃጠላል፤ ሙቀቱም ወደ ፍሬን ዘይቱ ይደርሳል።

ረ. የማይቋረጥ ጉርምርምታ

ፍጥነት ሲጨምር የሚጨምር፣ ፔዳል ሲረገጥ የማይለወጥ፣ አንዳንድ ጊዜ መሪው ወደ አንድ ወገን ሲዞር የሚጎላ ድምፅ ነው። ይህ በአብዛኛው የኩሽኔታ ድምፅ ነው። ሸራ መቀየር አያስቀረውም። ያልታመመውን አካል ቀይረው ገንዘብ እንዳያወጡ ይህን ልዩነት በተለይ ያስታውሱ።

4. ራስዎ የሚያደርጉት ፍተሻ

ፍተሻው የሚደረገው መኪናው ባዶ ሆኖ፣ በደረቅና ደልዳላ ሜዳ፣ ሰውና ከብት በሌለበት ቦታ ነው። ብረት የሚፋጭ ድምፅ ከሰሙ ወይም ፔዳሉ ከወትሮው ዝቅ ካለ የጉዞ ፍተሻውን ይተዉና ወደ ደረጃ 3 ይለፉ።

ደረጃ 1፦ አዳምጦ ወገኑን መለየት። መስኮቶቹን ይክፈቱ። በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት እየነዱ ቀስ ብለው ያቁሙ። ከመንገዱ ዳር ራቅ ብሎ የቆመ ረዳት ድምፁ ከፊት ነው ከኋላ፣ ከቀኝ ነው ከግራ የሚለውን ያዳምጥ። ረዳቱ ጭነት መያዣው ላይ ወይም ከመኪናው ጎን አይንጠልጠል።

ቀጥለው በዚያው ዝቅተኛ ፍጥነት እግርዎን ከፔዳሉ አንስተው የእጅ ፍሬኑን፣ እንዳይቆለፍ መልቀቂያውን እንደያዙ፣ ቀስ አድርገው ይሳቡ። ድምፁ በእጅ ፍሬን ከተሰማ ምንጩ የኋላ ፍሬን ነው። በእግር ፍሬን ብቻ ተሰምቶ በእጅ ፍሬን ካልተሰማ የፊቱን ፍሬን ደግሞ ያስፈትሹ። ይህ ሙከራ የእጅ ፍሬኑ የኋላ ጎማዎችን ለሚይዝ ፒክአፕ ብቻ ነው። በብዙ አነስተኛ የጭነት መኪናዎች የእጅ ፍሬኑ ከካምቢዮ ጀርባ ሆኖ የሚዞረውን ዘንግ ስለሚይዝ፣ መኪናው እየሄደ መሳብ ጉዳት ያደርሳል።

ደረጃ 2፦ ሙቀትን ማወዳደር። ፍሬን ብዙ ሳይነኩ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ነድተው ያቁሙ። ታምቡሩን በእጅዎ አይንኩ፤ ያቃጥላል። የእጅዎን ጀርባ ከቸርኬው ራቅ አድርገው ቀኙንና ግራውን ያወዳድሩ። አንዱ ወገን ጎልቶ የሚግል ከሆነ በዚያ በኩል ፍሬኑ አልለቀቀም ወይም ኩሽኔታው ታሟል። በጋለ ታምቡር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይድፉ፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ደረጃ 3፦ አንሥቶ ማየት። መኪናው ከቀዘቀዘ በኋላ በደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ያቁሙት። የፊት ጎማዎቹን ከፊትና ከኋላ በጠንካራ ሽብልቅ ያስደግፉ። ማርሹን ወደ ፎሌ ያውጡ፣ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ። በክሪክ ካነሡ በኋላ አክስሉን በብረት ማቆሚያ ወይም በወፍራም የእንጨት ግንድ ያስደግፉ። ክሪክ ብቻውን በያዘው መኪና ሥር ሰው አይግባ። ብሎኬትና ድንጋይ ስለሚሰበሩ ለመደገፊያ አይሁኑ።

ጎማውን በእጅዎ ያዙሩ። በቀላሉ መዞር አለበት፤ ሸራው ለስለስ ባለ ድምፅ ቢነካ ችግር የለውም። የሚይዝና የሚለቅ ከሆነ፣ ወይም ኩሽኔታው እንደ ጠጠር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ያስመዝግቡ። ከዚያ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁ፤ «ቋ ቋ» የሚል እንቅስቃሴ ካለ ኩሽኔታው ወይም የጎማው ዳዶ ላልቷል።

በመጨረሻ የጎማውን የውስጥ ገጽና የጀርባ ሳህኑን የታችኛውን ጠርዝ ይመልከቱ። እርጥበት ካለ ምንጩን ይለዩ። ቀጭንና ወደ ቢጫ የሚያደላ ከሆነ የፍሬን ዘይት ነው፤ ትንሿ ፓምፕ ታፈሳለች። ወፍራምና ኃይለኛ ሽታ ያለው ከሆነ ከዲፈረንሻል የመጣ ዘይት ነው፤ የአክስሉ ዘይት ማገጃ ጎማ ተበልቷል። ሁለቱም ሸራውን ስለሚያርሱ ያ ጎማ አይይዝም።

ደረጃ 4፦ ፔዳሉንና የዘይት ማጠራቀሚያውን ማየት። ሞተሩን አስነሥተው ፔዳሉን ይርገጡ። መጀመሪያ ወደ ታች ወርዶ ደጋግመው ሲረግጡ ከፍ የሚል ከሆነ ሸራው ከታምቡሩ ርቋል ወይም አየር ገብቷል። ረግጠው ሲይዙት ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ ዘይት የሚያመልጥበት ቦታ አለ። የዘይቱ መጠን ከዝቅተኛው መስመር በታች ከሆነ ጨምሮ ዝም ማለት መፍትሔ አይደለም፤ ወይ ሸራ አልቋል ወይ ፍሳሽ አለ።

5. መጫን ወይስ መቆም?

አይጫን፣ አይነዳ፦
- ብረት በብረት ሲፋጭ ከተሰማ፤
- ፔዳሉ ከሰመጠ፣ ከለሰለሰ ወይም መኪናው ሲያቆም ወደ አንድ ጎን ከሳበ፤
- በኋላ ጎማ ውስጥ የዘይት እርጥበት ከታየ፤
- ጎማው ከተወዛወዘ ወይም ከፍሬኑ ጭስ ከወጣ።

ጭነት ሳይጨመር፣ በዝግታ ወደ ቅርብ ጋራዥ ብቻ ይሂድ፦
- ቀኑን ሙሉ የሚቀጥል ቀጭን ጩኸት፤
- በረገጡ ቁጥር የሚሰማ «ቋ»፣ ዳዶዎቹ ጠብቀው ባሌስትራው ታስሮ ከተገኘ፤
- ፔዳሉን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ተመላላሽ ድምፅ።

እየተከታተሉ መጠቀም ይቻላል፦
- ጠዋት ተሰምቶ በጥቂት ማቆም የሚጠፋ ድምፅ፤
- ወደኋላና ወደፊት ሲቀያየር የምትሰማ አንዲት ቀላል «ቋ»።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። ነገ የገበያ ቀን ነው። 25 ኩንታል ሽንኩርት ተጭኗል፤ መንገዱ ረጅም ቁልቁለት አለው። ማታ መኪናውን ሲያስጠጉ ከኋላ ቀኝ ጎማ የብረት መፋጨት ሰሙ። በአንድ በኩል የነጋዴው ቃልና የገበያው ዋጋ አለ። በሌላ በኩል አልቆ ሊሆን የሚችል ሸራ፣ ከላይ የተቀመጡ ጫኝና አውራጆች፣ ቁልቁለቱ ሥር ያለ መንደር አለ። እዚህ ላይ የሚጠየቀው «ስንት ብር አጣለሁ?» ሳይሆን «የቱን መመለስ እችላለሁ?» ነው። በደንብ የደረቀ ሽንኩርት በጥላና ነፋሻ ቦታ ቢወርድ አንድ ሁለት ቀን ይቆያል። ሌላ መኪና ቢከራዩ ኪራዩ ከትርፉ ይቀንሳል። ሁለቱም በሚቀጥለው ምርት ይመለሳሉ። የሰው ሕይወት አይመለስም።

ቲማቲም ሲሆን ውሳኔው ይከብዳል፤ ከተለቀመ በኋላ አይጠብቅም። ስለዚህ ለቲማቲም አምራቾች መመሪያው አንድ ነው፦ ሠራተኛ ለለቀማ ከመጥራትዎ በፊት መኪናውን ይፈትሹ። ተክሉ ላይ ያለ ቲማቲም ጥቂት ቀን ይታገሣል፤ ሳጥን ውስጥ የገባ ግን አይታገሥም። ጫና ውስጥ ሆነው መጥፎ ውሳኔ እንዳይወስኑ የሚያደርግዎ ይህ ቅደም ተከተል ነው።

6. ጋራዥ ሲሄዱ ምን ይጠይቃሉ?

ለመካኒኩ «ፍሬኑ ይጮኻል» ብቻ አይበሉት። «ከኋላ ቀኝ ነው፣ ሲረገጥ ብቻ ይሰማል፣ ሲጫን ይብሳል፣ ወንዝ ከተሻገርኩ በኋላ ጀመረ» ብለው የመዘገቡትን ይንገሩት። ከዚያ የሚከተሉትን ይከታተሉ።

- ሁለቱም የኋላ ታምቡሮች ይከፈቱ። ሸራ የሚቀየረው በቀኝና በግራ አንድ ላይ ነው። በአንድ ወገን ብቻ ከተቀየረ መኪናው ሲያቆም ይስባል።
- የሸራው ውፍረት ይለካ። ለፒክአፕ የኋላ ሸራ የተለመደው ዝቅተኛ መጠን 1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለመኪናዎ የተወሰነውን መጠን ከመመሪያ መጽሐፉ ይመልከቱ። በሚስማር የተመታ ሸራ የሚስማሩ ራስ ላይ ከመድረሱ በፊት ይቀየር።
- ታምቡሩ በቶርኖ የሚላግ ከሆነ ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ የውስጥ ስፋት ብዙ ጊዜ በራሱ በታምቡሩ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ ካለፈ ይጣላል እንጂ አይላግም፤ የሳሳ ታምቡር ቶሎ ይግላል፣ ይሰነጠቃል።
- ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ ወይም በእሳት ተለብልቦ አይመለስም። መጀመሪያ ፍሳሹ ይደፈን፣ ከዚያ ሸራው ይቀየር።
- መላሽ ሞላዎች፣ የእጅ ፍሬን ገመድና ትንሿ ፓምፕ በዚያው ይታዩ።
- ብናኙ በነፋስ መንፊያ አይነፋ። በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ ለሳንባ ጎጂ የሆነ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።
- በክዳኑ ላይ የተጻፈው የፍሬን ዘይት ዓይነት (ዶት 3 ወይም ዶት 4) ብቻ ይጨመር። የሞተር ዘይት፣ ናፍጣም ሆነ የምግብ ዘይት አይጨመር፤ የሞተር ዘይትና ናፍጣ የፍሬኑን ጎማዎች አሳብጠው ፍሬኑን በሙሉ ያበላሹታል።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በቁልቁለት ላይ ዘይቱ ከፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠርና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ዘይቱ በመኪናው መመሪያ መሠረት በየጊዜው ይቀየር፤ ተከፍቶ ብዙ የቆየ ጠርሙስ አይጠቀሙ።

7. ችግሩን አስቀድሞ መከላከል

- ከክረምት በኋላ፣ የመኸር ምርት ማጓጓዝ ሳይጀመር፣ በጥቅምት ወር ሁለቱንም የኋላ ታምቡሮች ያስከፍቱ። በክረምት የገባው ጭቃ የሚወጣው፣ የዛገው የእጅ ፍሬን ገመድ የሚታወቀው ያኔ ነው። የመስኖ ምርት ካለዎት ከዋናው ለቀማ በፊት ይድገሙ።
- ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ በደልዳላ ቦታ በዝግታ እየነዱ ፔዳሉን ቀለል አድርገው ጥቂት ጊዜ በመርገጥ ሸራዎቹን ያድርቁ። መያዙን ሳያረጋግጡ ወደ ቁልቁለት አይግቡ።
- መኪናው ከተፈቀደለት በላይ አይጫን። ጭነት ለመሸከም ባሌስትራ አስጨምረው ከሆነ ለመካኒኩ ይንገሩ። በብዙ ፒክአፖች ላይ የኋላውን የፍሬን ኃይል እንደ ጭነቱ ክብደት የሚመጥን መሣሪያ አለ። ይህ መሣሪያ ክብደቱን የሚያውቀው የመኪናው ጀርባ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ በመለካት ነው። ባሌስትራ ሲጨመር ጀርባው ስለማይወርድ መሣሪያው መኪናው ባዶ ነው ብሎ የኋላ ፍሬኑን ያሳንሰዋል።
- ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ ያስገቡ። ፍሬኑን ሳያቋርጡ ከመያዝ ረገጥ አድርገው ፍጥነቱን ከቀነሱ በኋላ ይልቀቁት። ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ መውረድ ወይም ሞተር ማጥፋት የተከለከለ ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ ፔዳሉን የሚያግዘው ኃይል ቶሎ ያልቃል።
- በሳምንት አንድ ቀን የዘይቱን መጠን፣ የጎማ ዳዶዎችንና የኋላ ጎማዎችን የውስጥ ገጽ ይመልከቱ። አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ማጠቃለያ

የኋላ ፍሬን የተዘጋ ስለሆነ ሸራው ማለቁን የሚነግረን ድምፁ ነው። ድምፁን ለመለየት «መቼ ይሰማል?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። የብረት መፋጨት፣ የፔዳል መለወጥ፣ የዘይት ፍሳሽና የጎማ መወዛወዝ ሲታዩ ጭነቱ ይውረድ፤ ይህ ከገበያ ቀን ጋር ለድርድር አይቀርብም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፣ ፍተሻው ከለቀማው ከቀደመ ውሳኔው ቀላል ይሆናል።

እርስዎ ሞዴል አርሶ አደር ነዎት። ጎረቤቶችዎ ዘር ሲመርጡ እንደሚያዩዎት ሁሉ መኪናዎን ሲያቆሙም ያዩዎታል። ሾፌር ቀጥረው ከሆነ «ፍሬኑ ድምፅ አለው» ብሎ በነገረዎት ቀን ጭነቱን በማስወረድ ያሳዩት። አንድ ጊዜ ከተቆጡት ሁለተኛ አይነግርዎትም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ፔዳል ሲረገጥ የማይለወጥ ጉርምርምታ ከኋላ ቢሰማ ሸራ ያስቀይራሉ? ለምን?
2. በአካባቢያችሁ ጭነት ይዞ የሚወረድበት ረጅሙ ቁልቁለት የትኛው ነው? ከመጀመሩ በፊት ቆሞ ፍሬን ለመፈተሽ የሚያመች ቦታ የት አለ?
3. በቡድናችሁ የአንድ አባል መኪና በለቀማ ቀን ቢቆም ምርቱ እንዴት ይጓጓዛል? አስቀድማችሁ ተነጋግራችሁ ወስኑ።